አባ ሳሙና ቀድሞ የጮኸ ዕለት

አሰበ ተፈሪ ውስጥ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዓሊዩ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ዛሬ ሱቁ የለም። በቦታው ጫት የሚታሰርበት መጋዘን ተሠርቷል። በዚያ ሳልፍ ግን እግሬ ሳላዘው ይዘገያል። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ያ በረንዳ የሰፈራችን ሰው ዓለምን የሚሰማበት ቦታ ነበር።

ዓሊዩ ቦኬ ተወልዶ፣ ስፌት ድሬዳዋ ከአንድ የመናዊ ዘንድ ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ሲሠራ ስፒል በከንፈሩ ስለሚይዝ አፉን ሳይከፍት መናገር ለምዶ፣ ስፒሉ በሌለበትም እንደዚያው ይናገር ነበር። ደንበኛ ምን አልክ ቢለው አይደግምለትም፤ ትከሻውን በሜትሩ ነካ አድርጎ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ያዞረዋል። በገበያ ተከራክሮ፣ ወይም ልጅ ተቆጥቶ ሲጮህ የሰማው ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያለ ሰው ሬዲዮ መግዛቱ ብዙዎችን አስቋል። ሬዲዮው ሚኤሶ ድረስ በባቡር መጥቶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ በማሽላ ጆንያ መሀል ተቀምጦ ዳገቱን ወጣ። ዓሊዩ ከስፌት መኪናው በስተግራ መደርደሪያ ሠራለት፤ የአንቴናውን ሽቦ ከባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አሰረ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ጠዋት ጠዋት ከደጁ ፀሐይ ላይ ይደረድረዋል። መንገደኛው ድንጋዩን ሲያይ ዛሬ ማታ ዜና እንደሚኖርና እንደማይኖር ይገምታል።

ችግሩ ድምፁ ነበር። አሰበ ተፈሪ ተራራ የከበባት ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ድምፅ ተራራውን ሲሻገር ይደክማል። ዜና አንባቢው ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ይመስላል። አንዴ ቀረብ ይላል፣ አንዴ ነፋስ እንደወሰደው ይጠፋል። ስለዚህ ዓሊዩ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን አስግጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል። ማስታወቂያው የሚፈነዳው ታዲያ ዜናው እንዳለቀ፣ ሰው አንገቱን ሳይመልስ ነው። መጀመሪያ ደወል ይደወላል። ከዚያ አንድ ጎርናና ሰው የሳሙናውን ጥሩነት ከተማውን በሙሉ የተጣላ ይመስል ይጮኸዋል። ዜና አንባቢው የተሻገረውን ተራራ እሱ የተሻገረ አይመስልም፤ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ሥር ተደብቆ የቆየ ያህል ነው። የላምባ ሻጩ አህያ በእሱ ምክንያት ጭነቷን ጥላ ሸሽታለች። የስፌት መኪናው መርፌም የዓሊዩን ጣት የወጋው በእሱ ጩኸት ነው።

ዜናው ለምን እንዲያ ዝቅ፣ ሳሙናው ለምን እንዲህ ከፍ እንደሚል የሚያስረዳን አልነበረም። አጥናፉ የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ከቢሮ ሲወጣ ሁልጊዜ በረንዳው ላይ የማይጠፋ፣ ምክንያቱን አግኝቻለሁ ይል ነበር። አገር የሚያስተዳድረው በሹክሹክታ ሲነግረን ሳሙና የሚሸጠው ይጮህብናል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ብንሰማም ባንሰማም ግድ የለው። ሰው ይስቃል፤ ከዚያ ማን ሰማን ብሎ ዞር ዞር ይላል። ለዚያ ለሚጮኸው ሰው አባ ሳሙና የሚል ስም ያወጣለትም አጥናፉ ነው።

ዓሊዩ ውሎ አድሮ ዘዴውን አገኘ። ዜና አንባቢው ጨርሶ ወረቀቱን ሲሰበስብ ትንሽ ኮሽታ ትሰማለች። ሌላው ሰው ልብ አይላትም። እሱ ግን ያቺን ሲሰማ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ ግራ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ወደ ኋላ ይመልሳል። ደወሉ ከሩቅ እንደሚሄድ ፍየል ቃጭል ይሆናል፤ አባ ሳሙናም ትንኝ ይሆናል። በረንዳው ላይ ያሉት በዚህ ይደሰቱ ነበር። ያን ግዙፍ ሰው በሁለት ጣት አንስቶ ጠርሙስ ውስጥ እንደመክተት ነበርና።

ከሱቁ በታች መሬቱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ታች ሰፈር እንለዋለን። እዚያ ጀንበር ገና ሳትጠልቅ ተራራው ይሸፍናታል፤ ጥላው ቤቶቹ ላይ ተኝቶ ብዙ ይቆያል። በረመዳን ሰማዩን ዓይቶ የማፍጠሪያውን ሰዓት ማወቅ አይቻልም። አዛን የሚያደርጉት ሼህ አብዱልቃዲር ደግሞ አርጅተዋል። ድምፅ ማጉያ የሚባለው ነገር ያኔ መስጊዳችን አልደረሰም። ነፋስ ከወንዙ ወደ ላይ በነፈሰ ቁጥር የሼሁ ድምፅ ወደ ገበያው ይሄዳል እንጂ ታች ሰፈር አይወርድም። ሴቶቹ ልጅ ወደ ላይ እየላኩ ነበር ሰዓቱን የሚያውቁት። ልጁ መንገድ ላይ ኳስ ካገኘ የታች ሰፈር ፆም ይረዝማል።

የዓሊዩ አማት አዴ ኩብራ የሚኖሩት እዚያ ነው። በእነሱ ወግ አማትና አማች ፊት ለፊት አይነጋገሩም። አማች አማቱ ባሉበት ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አያያቸውም፣ አይበላም። አዴ ኩብራ ደግሞ ወግ አጥባቂ ነበሩ፤ ዓሊዩ ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ አንድ ቃል በቀጥታ ተናግረውት አያውቁም። በሁለቱ መሀል የምትመላለሰው ሚስቱ ሰዓዲያ ናት። ንገሪው የተባለችውን ሽቅብ፣ ንገሪያቸው የተባለችውን ቁልቁል እያደረሰች ትኖራለች። መልእክቱን እንደ ስሜቷ ታለዝበዋለች ይባል ነበር።

ረመዳን ከሁዳዴ ጋር የገጠመበት ዓመት መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማታ፣ ዓሊዩ እጁ የኮት እጅጌ ውስጥ ገብቶ ሳለ ቁልፉን መመለስ አልደረሰለትም፤ አባ ሳሙና እንደልቡ ጮኸ። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ሰዓዲያ ከእናቷ መልእክት ይዛ መጣች። የታች ሰፈር ሴቶች ጩኸቱን ሰምተውታል። ጩኸቱ ሲያበቃ የላኩት ልጅ አዛን ተብሏል እያለ ደረሰ። ሦስት አራት ቀን አስተውለው አዩት፤ በረንዳው ላይ የዋሉ ልጆችንም ጠየቁ። ማስታወቂያው ሁልጊዜ ከአዛኑ ትንሽ ቆየት ብሎ ነው የሚመጣው።

«እናቴ ንገሪው ብላለች» አለች ሰዓዲያ። «የሳሙናውን ሰው አያፍንብን። እስከ ዒድ ድረስ ይልቀቅልን።»

ዓሊዩ ስፒሎቹን ከከንፈሩ አወጣ። ሼህ አብዱልቃዲርን ልጠይቅ ይሆን ብሎ ማሰቡን በኋላ ለአጥናፉ ነግሮታል። ግን አልጠየቀም። አማቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ የፈለጉት ነገር ነበር። በዚያው ቀን መደርደሪያውን ነቅሎ ወደ በረንዳው ጫፍ አዛወረ፤ የሬዲዮውንም ፊት ወደ ሸለቆው አዞረው።

ከዚያ በኋላ ያለው የረመዳን ማታ በእኔ ትዝታ ውስጥ እንደ አንድ ማታ ነው። ሾርባው ወጥቷል፣ ቴምሩ ሳህን ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ደጅ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ከዳገቱ ደወሉ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጎርናናው ድምፅ ሸለቆውን ሞልቶ ይወርዳል። ከቤት ቤት አባ ሳሙና ጮኸ፣ አባ ሳሙና ጮኸ ይባላል። ያን ሳሙና ገዝቶ የታጠበበት ሰው በሰፈሩ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። አጥናፉ በረንዳው ላይ ሆኖ፣ እኛ ሁዳዴ ስንጾም አንድም ነጋዴ አልራራልንም፣ የእናንተን ግን ባለሳሙናው ራሱ ያስፈታችኋል እያለ ይቀልዳል። ዓሊዩም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ያን ሰሞን ደስተኛ ነበር። ሰዓዲያ ከታች በመጣች ቁጥር እናቷ ስለ እሱ ምን እንዳሉ ይጠይቃት ነበር፤ እሷም ሁልጊዜ የምትነግረው አታጣም።

ዒድ ሲቃረብ የበልግ ደመና ከተማው ላይ ወረደ። ከቀትር ጀምሮ ጭጋግ ሆነ፤ ተራራውም ሰማዩም ጠፋ። ሱቁ በዒድ ልብስ ተጨናንቋል። ዓሊዩ የአንድ ልጅ ሸሚዝ ኮሌታ እያዞረ ነበር። ኮሌታ ከሁሉ የበለጠ ዓይን የሚይዝ ሥራ ነው። ሬዲዮው ተከፍቷል፣ ቁልፉ እስከ መጨረሻ ዞሯል፣ የሆነ ሙዚቃ እንደ ጉንዳን ድምፅ ይሰማል። ደወሉ ተደወለ። አባ ሳሙና ጮኸ። ዓሊዩ ቀና አላለም።

ቀና ያደረገው አጥናፉ ነው።

«ዓሊዩ» አለው፤ «ዜናው የት ሄደ?»

የዓሊዩ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ማስታወቂያው አልቆ፣ ዜና አንባቢው ከጉድጓዱ ውስጥ ገና እንደምን አመሻችሁ ማለቱ ነበር። አዲስ አበባ ምን እንደገጠማቸው እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ብቻ በዚያ ቀን ማስታወቂያውን ከዜናው አስቀድመውታል። ዓሊዩ ወደ መስጊዱ ዞሮ አየ። በጭጋጉ ውስጥ በሩ ላይ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ሼሁ ገና አልወጡም።

ሸሚዙን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። መሬቱ አዳልጦት አንዴ ወደቀ። ዓሊዩ ሲሮጥ ያየው ሁሉ የሞተ ሰው አለ ብሎ ነበር። ከታች ሰፈር አፋፍ ካለው የቁልቋል አጥር ጋ ሲደርስ ከላይ አዛኑ ተጀመረ፤ ከታች ደግሞ የሳህንና የማንኪያ ድምፅ ሰማ። ታች ሰፈር ሾርባውን ጨርሷል። እዚያው ቆመ። ምን ብሎ እንደሚገባ ስላላወቀ ተመለሰ።

ሼህ አብዱልቃዲር በማግስቱ ነገሩን በእርጋታ ፈረዱ። ሆን ብሎ ያደረገው የለምና ኃጢአት የለም፤ ቀኑ ግን ጎድሏልና ከዒድ በኋላ ቀዷ ማውጣት፣ ማለት አንድ ቀን ጾሞ መተካት ግድ ነው። ወጣቶቹ ሴቶች ሳቁበት እንኳ። የአዴ ኩብራ ግን ሌላ ነበር። ያለፈውን ክረምት ሙሉ ደረታቸውን ታመው አልጋ ይዘው ነበር የከረሙት። ያን ረመዳን አትጹሚ ቢባሉ የመጨረሻዬ ሊሆን ይችላል ብለው፣ አንድ ቀን ሳይጎድል ለመጨረስ ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር የያዙት። የጎደለው ቀን ሳይተካ ብሞትስ የሚለው ነገር ውስጣቸው ገባ። ሳሉም ባሰባቸው። ዓሊዩ በየዓመቱ ለዒድ የሚሰፋላቸውን ቀሚስ ሰዓዲያ ስታመጣላቸው ሳይዘረጉ መለሱት።

«ምን አሉ?» አላት ዓሊዩ።

ሰዓዲያ ያን ቀን አላለዘበችውም። «ከዚያ ሰው ቤት የሚወጣ ድምፅ ሁለተኛ ጆሮዬ አይገባም ብላለች።»

ሬዲዮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ዒድ ዜና ሳይሰማ አለፈ። የበረንዳው ሰው አንድ ሁለት ቀን መጥቶ፣ መኪናው ሲንኳኳ ብቻ ሰምቶ ተበተነ። አጥናፉ እየመጣ ይለምነው ነበር። ጥፋቱ የባለሳሙናው ነው፣ አንተ ምን አደረግህ ይለዋል። ዓሊዩ አባ ሳሙናን በሁለት ጣት ማነቅ ይችል እንደነበር፣ የለቀቀው ራሱ መሆኑን መለሰለት። ደግሞም ማንም ሰው በሳሙና ሻጭ አፍ ፆሙን እንዲፈታ መፍቀድ አልነበረብኝም አለ። ይህን ያህል ረጅም ነገር ሲናገር አጥናፉ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ከዒድ በኋላ ታች ሰፈር ቀዷውን በአንድ ቀን ለማውጣት ተስማማ። ልጅ መላኩ እንደማያስተማምን ሁሉም ያውቃል። ሼህ አብዱልቃዲር ዓሊዩን አስጠርተው፣ እኔ ከላይ አዛን ስል አንተ ከቁልቋሉ አጥር ጋ ቆመህ ድምፄን ተቀብለህ ለታች ታደርሳለህ አሉት። ዓሊዩ ድምፅ የለኝም፣ ደግሞም አማቴ በሚሰሙበት መጮህ ነውር ነው አለ። ሼሁም የሳሙናው ሰው ሲጮህ ነውር ያልሆነ የአንተ ምን ነውር አለው ብለው አሰናበቱት።

አዴ ኩብራ ሰዓዲያ አትጹሚ ብትላቸው አልሰሟትም። ሲነጋ ጀምሮ ከአልጋቸው አጠገብ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ሳሉ ጉልበታቸውን ጨረሰው። ሰዓዲያ ሳህኑ ላይ ቴምርና ውኃ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጥላው ቤቱን ሸፈነ። ሌሎቹ ሴቶች ደጅ ወጥተው ወደ ዳገቱ ያያሉ።

ዓሊዩ አጥሩ ጋ ቆሟል። ከላይ የሼሁ ድምፅ ሲመጣ አፉን ከፈተ፤ መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሁለተኛ ሞከረ። አፍጥሩ የሚለው ቃል ተሰብሮ፣ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ቀጥኖ፣ ከዚያ ጎልብቶ ወደ ሸለቆው ወረደ። ሴቶቹ ቢስሚላህ ብለው ወደየቤታቸው ገቡ።

አዴ ኩብራ እጃቸውን አልዘረጉም።

«ማነው የጮኸው?» አሉ።

«ዓሊዩ ነው እማ። ጀንበር ገብታለች።»

«እሱ አይጮህም» አሉ። ሳህኑን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

ሰዓዲያ ወላሂ ብትል፣ ብታለቅስ አልሆነም። የእናቷ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሮጣ ወጥታ ዓሊዩን በክንዱ ይዛ አመጣችው። እሱም በሩ ጋ ሲደርስ ጀርባውን ወደ ቤቱ ሰጥቶ ቆመ። ሰዓዲያ በመሀል ሆነች።

«ጀንበር ገብታለች ወይ በይው» አሉ አዴ ኩብራ።

«ጀንበር ገብታለች ወይ ትላለች።»

«ገብታለች በያቸው።»

«ገብታለች ይላል።»

«ከዚያ ከሚጮኸው ሣጥን ሰምቶ ነው?»

«እማ፣ እሱም እኮ ይሰማሻል።»

«ጠይቂው አልኩሽ።»

ዓሊዩ ሰዓዲያ እስክትጠይቀው አልጠበቀም። በዚያች ዝቅ ባለችው ድምፁ፣ ፊቱን ወደ ውጭ እንዳደረገ፣ «ከሼህ አብዱልቃዲር አፍ፣ በጆሮዬ» አለ።

ቤቱ ውስጥ ሳህኑ ኮሽ አለ። አዴ ኩብራ ቢስሚላህ ብለው ቴምሩን አነሱ፤ ቀስ ብለው አኝከው ውኃውን ጠጡ። ሰዓዲያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዓሊዩ ሊሄድ አንድ እርምጃ ሲያነሳ አሮጊቷ ቀጥታ ተናገሩት።

«አንተስ አፍጥረሃል?»

ዓሊዩ ጀርባውን እንደሰጠ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ያን ቀን እሱም ጾሞ ነበር። የእሱ ፆም ሳይጎድል፣ ማንም ሳያዘው፣ ለሰዓዲያ እንኳ ሳይነግር። ሰዓዲያ ምሳው ሱቅ ውስጥ ሳይነካ ለምን እንደተቀመጠ ያኔ ገባት።

«ና ግባ» አሉት። «ወግ የሚጠበቀው ሰው ሲተርፍ ነው።»

ገብቶ መደቡ ጥግ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ። ሳህኑን ሰዓዲያ አቀበለችው። እየበላ ሳለ አዴ ኩብራ ትራሳቸውን አስተካከሉ፤ ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ያን ዕለት» አሉ፣ «ያ ዜና ምን ነበር የሚለው? ከሳሙናው በኋላ የመጣው።»

«አልሰማሁትም» አለ ዓሊዩ ለግድግዳው። «ወደ እናንተ እየሮጥኩ ነበር።»